ይደርሰዋል

ማሂራ የአንድ ደንበኛ ስልክ ቻርጀር ማስገቢያ እየበየደች ሳለ እናቷ በሩ ላይ ቆማ የራሷን ስልክ ዘረጋችላት።

"ቆይ እማ፣ ይቺን ልጨርስ።"

"አልቆይም። አሁኑኑ እይው።"

መበየጃው እጇ ላይ እንደጋለ ቀና ብላ አየቻት። እናቷ ዘይቡ ከአወቱ መንደራ ሰፈር ድረስ የመጣችው የቤት ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ነው። ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለችውን ይህችን የሞባይል ጥገና ቤት ማሂራ ከከፈተቻት ወዲህ ዘይቡ የረገጠቻት ሁለቴ ቢሆን ነው፤ የብየዳው ሽታ ራሴን ያመኛል ትላለች። ዛሬ ሽታውም ትዝ ያላት አትመስልም።

ማሂራ መበየጃውን አስቀምጣ ስልኩን ተቀበለች። ቴሌግራም ተከፍቷል። ከላይ የወንድሟ የፋሂም ፎቶ አለ፤ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጦ የሚስቅበት። ከስሙ ሥር "ኦንላይን" ይላል።

ፋሂም ከሞተ አሥራ አራት ወሩ ነው።

"አየሽ?" አለች ዘይቡ። "አልሞተም።"

ፋሂም በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ሊሻገር ሲል የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች። አብሮት የነበረ የጅማ ልጅ ተርፎ ከየመን ደወለና ነገራቸው። ሬሳ አልተገኘም። በሌለበት ተሰገደበት፣ ሰደቃ ወጣ፣ ጎረቤት መጥቶ አለቀሰ፣ ሰው ወደየሥራው ተመለሰ። ዘይቡ ግን የት ትመለስ?

ዘይቡ ማንበብ አትችልም። ማሂራ ስልኳ ላይ ለሁሉም ሰው ፎቶ አድርጋላታለች፤ ጎረቤቷን በፊቷ፣ ወተት የሚያመጣላትን ሰውዬ በላሙ። ማይክ የምትመስለውን ምልክት ተጭኖ መናገርም አስተምራታለች። ፋሂም ከቤት ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዘይቡ የምሽቱን ሶላት መግሪብን ከሰገደች በኋላ ድምፅ ትልክለታለች። የሞቱ ወሬ በመጣ በሳምንቱ፣ ገና ለቅሶ ላይ እያሉ፣ ስልኳን ይዛ ማሂራ አጠገብ ቁጭ አለች።

"አሁንም ብልክለት ይደርሰዋል?" ብላ ጠየቀቻት።

ምን ትበላት? ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል፣ የእናቷ ዓይን አብጧል። "ይደርሰዋል" አለቻት። አንዲት ቃል ናት። ማሂራ ለዚያች ቀን ብቻ ያለቻትን ቃል ዘይቡ አሥራ አራት ወር ሙሉ ኖረችባት። ድምፁ ይሄዳል፤ ጥጉ ላይ አንዲት ምልክት ትቀመጣለች፤ ተልኳል፣ አልተሰማም ማለት ነው። ማሂራ ያችን ነጠላ ምልክት ባየች ቁጥር ነገ እነግራታለሁ ትላለች። ነገ ሲመጣ ደግሞ ወይ እናቷን ያማታል፣ ወይ ሥራ ይበዛል። ደፍራ አታውቅም፣ ይኸው ነው።

አሁን ሁሉም ምልክቶች ሁለት ሁለት ሆነዋል። ማሂራ በጣቷ ወደ ላይ ወደ ላይ ገፋች፤ ያለፈው ወር፣ ረመዳን፣ ያለፈው ክረምት። ሁሉም ተሰምተዋል።

"ሁለት ከሆኑ እንኳ ቆይተዋል" አለች ዘይቡ። "ስልኬ ተበላሽቶ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ትናንት ግን አመመኝ አልኩት። ጠዋት ስነሳ መልሷል። ያችን እያት።"

ከመጨረሻው ድምፅ ሥር ሁለት የተጋጠሙ መዳፎች ነበሩ። ሌላ ምንም የለም።

ማሂራ መዳፎቹን ደጋግማ አየቻቸው። ሙያዋ ስለሆነ ነገሩን ታውቀዋለች። ቁጥር ለብዙ ወራት ካልሠራ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ የገዛው ሰው ቴሌግራም ሲከፍት የድሮው ባለቤት አካውንት ከነፎቶው ከነመልእክቱ ሊመጣለት ይችላል። እንዲህ ሆነብን ብለው የመጡ ደንበኞች ነበሯት፤ ስቃ፣ አስተካክላ ሸኝታቸዋለች። ይህን ሁሉ እያወቀች ዓይኗ "ኦንላይን" የሚለው ላይ ተተክሎ ቀረ። ሬሳውን ያየ ሰው የለም። አንድ ልጅ በስልክ የነገራቸው ነገር ነው።

"እስር ቤት ነው ያለው" አለች ዘይቡ ድምፅዋን ቀንሳ። "ስልክ የሚያቀብለው ዘበኛ ይኖራል። ለዚህ ነው የማይናገረው። እንዳትደውዪለት፣ ይይዙታል።"

"እማ፣ ቁጥሩን ሌላ ሰው ገዝቶት ቢሆንስ?"

"ሌላ ሰው ለኔ በሽታ ምን ቤት ነው? የወለድኩት ነው እጁን ያጋጠመልኝ።" ዘይቡ ሻርፗን አጠባበቀች። "የእሑዱ ኒካህ ቀርቷል። ነገ ሼኹ ጋ ሄጄ ባሏ አለ እላቸዋለሁ። ባል ያላት ሴት አትዳርም፣ ሐራም ነው።"

ኒካሁ የሩፈይዳ ነው፤ የፋሂም ሚስት የነበረችው። ወላጆች የሏትም፤ ባሏ ከሞተ በኋላም ከዘይቡ ጋር ቀረች። ሙሐመድሳኒ የሚባል መለዋወጫ ሻጭ፣ ደህና ሰው፣ ሽማግሌ ሲልክ እሺ ያለችው ራሷ ዘይቡ ነበረች። እያለቀሰች ነው እሺ ያለችው፤ ቢሆንም ብላለች።

"ስልኩን እስከ ነገ ጠዋት ተዪልኝ፣ ልመርምረው" አለች ማሂራ።

ከዚያ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር አልሆነላትም። የቻርጀር ማስገቢያውን አጣማ በየደችው፣ መልሳ ነቀለችው። ባለቤቱ መጥቶ "ዛሬም ነገ ልትዪኝ ነው?" ሲላት "ነገ" አለችው። በየአምስት ደቂቃው የእናቷን ስልክ ትከፍታለች። ፋሂም ኦንላይን ነው። ፋሂም የለም። ፋሂም ደግሞ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከስሙ ሥር እየጻፈ መሆኑን የሚያሳዩት ሦስት ነጥቦች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ማሂራ ጠበቀች። ጠፉ። ደግሞ መጡ። ደግሞ ጠፉ። ምንም አልተላከም።

ፋሂም ድሮም እንዲህ ነበር። ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ ይሰለቸውና ይደውላል። ማሂራ ይህ ትዝ ሲላት ከወንበሯ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች፤ መንገዱ ላይ ባጃጆች ይተላለፋሉ፣ ፀሐይ ነው፣ ሰው ሁሉ በየጉዳዩ ነው። በጠራራ ፀሐይ ፈራች። ተመልሳ፣ እናቷ አትደውዪ ያለቻትን ረስታ፣ እዚያው ቴሌግራሙ ላይ የመደወያዋን ምልክት ተጫነች። ጠራ፤ ጠራ፤ ጠራ። ማንም አላነሳም። ወዲያው ፋሂም ከኦንላይን ጠፋ።

ቤት ስትደርስ ሩፈይዳ ለእሑድ የተሰፋላትን ቀሚስ አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ እየመለሰች ነበር። ዘይቡ ጓዳ ሆና ትሰግዳለች።

"ማሂ፣ እውነት ነው?" አለቻት ሩፈይዳ።

"አላውቅም።"

"አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል? ስልክ ሠሪዋ አንቺ።"

ማሂራ አጠገቧ ተቀመጠች። ሩፈይዳ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"እሱ ከሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? ቀኑን ሙሉ ይመጣል ብዬ ደስታውን ጠበቅኩት። ፍርሃት ብቻ ነው የመጣብኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ ከልቤ ያወጣሁትን ሰው፣ አሁን መልሼ የት ላስገባው?"

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ማሂራ። "ለእማ ይደርሰዋል ያልኳት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ለኔም እንደዚያው ብለሽኛል።"

ማሂራ ዞራ አየቻት። "አንቺም ትልኪ ነበር?"

ሩፈይዳ ተነሳች። ፌስታሉን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ማሂራ የእናቷን ስልክ መለሰችላት። ሱቋን ከፍታ፣ የፋሂምን ቁጥር በራሷ ስልክ፣ በተራው መስመር ደወለች። ከአሥራ አራት ወር በፊት ሃምሳ ጊዜ ደውላ "ሊያገኙት አይችሉም" የተባለችበት ቁጥር ነው። አሁን ጠራ።

"ሃሎ?" የሴት ድምፅ ነው።

ማሂራ ቁጭ አለች። እናቴን ሞኝ ስል፣ ለካ እኔም ስጠብቀው ነበር አለች በልቧ። ለሁለተኛ ጊዜ የሞተባት ያን ጊዜ ነው።

"ሃሎ? ማን ልበል?"

"ይቅርታ፣ ይሄ ቁጥር የወንድሜ ነበር።"

ሴትየዋ ቀስ ብላ "የእማ ልጅ ነሽ?" አለቻት።

ቆንጂት እባላለሁ አለች፤ የምትኖረው ከጅማ ወጣ ብላ በምትገኘው አሰንዳቦ ነው፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። በስልክ መናገር አይሆንልኝም፣ አንቺን ላግኝሽና ፊት ለፊት ልንገርሽ ብላ ለመነቻት። ማሂራ ለእናቷ ደውላ፣ የት እንደምትሄድ ሳትናገር፣ "እስክመለስ ሼኹ ጋ እንዳትሄጂ" አለቻት።

"እስከ አስር ሰዓት እጠብቅሻለሁ" አለች ዘይቡ። "ከዚያ በኋላ አልጠብቅም።"

አሰንዳቦ ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ቆንጂት መኪና ከሚቆምበት ፊት ለፊት ባለ ሻይ ቤት ውስጥ፣ የሥራ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች፣ ነጠላ ደርባ ጠበቀቻት። አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ከግንባሯ በላይ ሸብታለች። ሻይ አዘዘች፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሁለቱም አልነኩትም።

"ስልኬን መናኸሪያ ውስጥ ሰረቁኝ" አለች። "አዲስ ሲም ገዛሁ። ቴሌግራም ብከፍት የሰው ቤት ገባሁ። ፎቶ፣ ዘመድ፣ ወሬ፣ ሁሉ የሌላ ሰው። ልሰርዘው ነበር፣ እግዜር ያውቃል። በዚያው ምሽት ስልኩ ጮኸና 'እማ' ብሎ መጣ። የኔ እናት ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟን ልክ እንደሱ 'እማ' ብዬ ነበር የያዝኩት። ከፈትኩት።"

"ከዚያ ሁሉንም ሰሙት።"

"ሁሉንም። አልዋሽሽም። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከሥራ እመለሳለሁ፣ ራቴን አቀርባለሁ፣ እሰማለሁ። ጣሪያው ማፍሰሱን፣ የዶሮዎቹን ነገር፣ ያንቺን ሱቅ። ኦሮምኛ ሲቀላቅሉ ያልገባኝን ጎረቤቴን እጠይቃለሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። የሰው እናት ሰረቅሁ።"

"ያን መዳፍ ለምን ላኩት?"

"አመመኝ አሉ። ሌሊቱን አሳላቸው ትዝ እያለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ይማርዎ ማለቴ ነው። ማንበብ እንደማይችሉ ለልጃቸው ሲነግሩት ሰምቻለሁ፣ ለዚያ ነው መዳፉን የላክሁት። ትናንት ደግሞ የሚያነብላቸው ሰው አይጠፋም ብዬ እውነቱን ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩ። ወዲያው 'እማ' ብሎ ሲደወል እንዴት ላንሳው?"

ማሂራ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለ ሹፌር እስኪዞር ድረስ ድምፅዋ ከፍ አለ። "ልጄ አለ ብላ ኒካህ ልታፈርስ ነው፣ ያውቃሉ? ዛሬ አስር ሰዓት። አንዲት ሴት ልብሷን አጣጥፋ መልሳ ቁጭ ብላለች።"

የቆንጂት ፊት ተለዋወጠ። "ሚስቱ?" አለች። "ባለፈው ሳምንት እኮ ነግረውታል። እሑድ ሚስትህን እድራታለሁ፣ አትቀየመኝ፣ ልጅ ናት አሉት። እያለቀሱ ነበር።"

ከውጭ የመኪና ረዳት ጅማ ጅማ እያለ ይጣራል። ቆንጂት ስልኩን ከጋውኗ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወደ ማሂራ ገፋችው።

"አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝ። አንቺ የሱን አጻጻፍ ታውቂዋለሽ። በሱ ስም 'ድሮ ፈትቻታለሁ፣ ታግባ' ብለሽ ላኪላቸው። ሰው ያነብላቸዋል። ልጅቷ ታገባለች። እሳቸውም ልጄ አለ ብለው ይኖራሉ። ማን ይጎዳል?"

ማሂራ ስልኩን አነሳች። የወንድሟ ስልክ ውስጥ እንደመግባት ነበር። አናት ላይ "እማ" አለ። ከሥሩ "የኔዋ" የሚል፣ የሩፈይዳ ፎቶ ያለበት አለ፤ የመጨረሻው መልእክት ድምፅ ነው፣ የተላከው የዛሬ ሳምንት። አልከፈተችውም። "እማ" የሚለውን ነክታ "ድሮ ፈትቻታለሁ" ብላ ጻፈች።

ቃሉ ተጽፎ ተቀመጠ። ማንም አይጎዳም። ሩፈይዳ እሑድ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ እናቷ ከመግሪብ በኋላ ታወራለች፣ አንድ ነገር ሲጎድል ደግሞ ሌላ ቃል ይላካል። ከዚያ ሌላ። ማሂራ ጣቷን ከመላኪያዋ በላይ ይዛ ቆየች። ስልኩ በእጇ ላይ ነዘረና አዲስ ድምፅ ገባ። ሳታስበው ተጫነችው።

"ፋሂም፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ" አለ የእናቷ ድምፅ፣ አጠገቧ ያለች ያህል። "አየሁህ። ነጥቦቹ ይንቀሳቀሳሉ። እየጻፍክልኝ ነው። አትጻፍ፣ አላነብም። ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም። ድምፅህን ስጠኝ። አንዴ ብቻ፣ እማ በለኝ። ከዚያ በኋላ አላስቸግርህም።"

ቆንጂት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ማሂራ አሥራ አራት ወር ይቺን ድምፅ ከውጭ ነበር የምትሰማው፤ ከጓዳ፣ በመጋረጃ፣ ሥራ እየሠራች። እንዲህ በምትደርስበት በኩል ተቀምጣ ሰምታት አታውቅም። የጻፈችውን አጠፋች። ከዚያ የመደወያዋን ምልክት ተጫነች።

አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ።

"ፋሂም" አለች ዘይቡ። እየጠየቀች አልነበረም።

"እማ፣ ማሂራ ነኝ።"

የእናቷ ትንፋሽ ይሰማል።

"ከሱ ጋ ነሽ?"

"አይደለሁም። ፋሂም ሞቷል፣ እማ። ቁጥሩን ሌላ ሰው ገዝታዋለች፣ እሷ ጋ ነኝ። ይደርሰዋል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አይደርሰውም። ያኔም አይደርሰውም ነበር፣ አሁንም አይደርሰውም። ለቅሶ ላይ ስለነበርሽ አሳዘንሽኝና ዋሸሁሽ፣ ከዚያ መመለስ አቃተኝ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ እማ።"

ማሂራ ማልቀሷን ያወቀችው ጠረጴዛው ሲረጥብ ነው። ስልኩ ውስጥ ከሩቅ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል፣ ዶሮ ይሰማል፣ የእናቷ ድምፅ ግን የለም። ተዘግቷል ብላ ስክሪኑን አየች፤ አልተዘጋም። ሰከንዱ ይቆጥራል።

"ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች ዘይቡ በመጨረሻ። የሞቱ ወሬ የመጣ ቀን ሁሉም ሲሉት እሷ ያላለችው ነው። ትንሽ ቆይታ፣ "ያቺ ሴት ናት የሰማችኝ?" ብላ ጠየቀች።

"እሷ ናት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ስጫት።"

ቆንጂት ስልኩን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ሽማግሌ ፊት እንደቀረበ ሰው ብድግ አለች።

"አቤት፣ እናቴ... ቆንጂት... አዎ... አዎ፣ እሱንም ሰምቻለሁ... አልሳቅኩም፣ በልጄ ልማል ብል ልጅ የለኝም... ሳሉ ተሻለዎት?"

ከዚያ በኋላ መናገሯን ትታ ብዙ ሰማች። አንዳንዴ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ዘይቡ የምታያት ይመስል። "እሺ" አለች። "እሺ። ሥራ አልገባም፣ እመጣለሁ።" ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ተቀመጠች።

"ምን አለችዎት?" አለች ማሂራ።

"እሑድ ልጄን ስለምድር መጥተሽ ብዪ አሉኝ።" ቆንጂት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚስትህ፣ ሚስትህ ሲሉ ነው የሰማሁት። ስሟን እንኳ አላውቀውም። እሑድ ስመጣ ማን ልበላት?"

"ሩፈይዳ" አለች ማሂራ።